በሐዘን ድንኳን የተጀመረው ትምህርት ቤት

አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን በምክንያት ሊያፈርስ አይችልም፤ ምክንያቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን። ከአደራ አፍራሾች ሁሉ የከፋውም ለጥቅሙ ብሎ ያፈረሰው ሳይሆን ለሰው አዝኖ ያፈረሰው ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ ያፍራል፤ ሁለተኛው ግን ምስጋና ይጠብቃል። በዚህ ሚዛን ከተመዘኑ፣ በአቃቂ ከሐዲዱ ማዶ ባለው ሰፈር የእድር ድንኳን ጠባቂ የነበሩት አቶ አጥናፉ ጥፋተኛ ናቸው። እድራቸውም እንዲሁ ብሎ ፈርዶባቸዋል። ፍርዱ ልክ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ግን የአንድን የሰፈር ትምህርት ቤት ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሰውዬው ሕይወትና የትምህርት ቤቱ ታሪክ ተለያይተው አይነገሩምና።

ትምህርት ቤቱ ዛሬ ፎቅ አለው፤ ቀለም የተቀባ አጥር፣ የተነጠፈ ግቢ አለው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ሲጀመር ግን ግድግዳ እንኳ አልነበረውም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች ልጆቻቸውን ለማስተማር ወንዝ ማሻገር ነበረባቸው። በአንድ ሰኔ ወንዙ በድንገት ሞላና ከትምህርት የሚመለሱ ሁለት ወንድማማቾችን ወሰደ። የሰፈሩ እድር ሐዘን ተቀምጦ ሲያበቃ፣ በሠልስቱ ማግስት ድንኳኑ ሊነቀል ሲል፣ የእድሩ ዳኛ አቶ አሻግሬ እጃቸውን አንስተው አስቆሙ።

«ለሞቱት ልጆች ተክለነዋል፤ ላልሞቱትስ ብንተክለው ማን ይከሰናል?» አሉ።

የትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ይህ ነው። አቶ አሻግሬ በፋብሪካው የሽመና ክፍል አለቃ ነበሩ፤ ንግግራቸው የሚደመጥ፣ ጠብ የማይወዱ ሰው። ጠብ አለመውደዳቸው በሰፈሩ እንደ ምግባር ይቆጠርላቸው ነበር። ምግባር የሚሆነው ግን እውነትን እስካላስከፈለ ድረስ ብቻ ነው።

ጉባኤው ድንኳኑን ለልጆቹ ሲፈቅድ አንድ ሁኔታ አስቀመጠ። ድንኳኑ የእድሩ ነው፤ ሰው በሞተ ቀን ትምህርት ይቋረጥና ድንኳኑ ከነአግዳሚው ወደ ሐዘንተኛው ደጅ ይሄዳል። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት የሚያዋጣበት እድር ስለነበር ደንቡ ለማንም የማያዳላ መሆን ነበረበት። ሰፈሩ ደንቡን በሁለት ቃል ያዘው፤ «ሙት ይቀድማል» አለ።

የዚህ ደንብ ጠባቂ ሆነው የተመረጡት አቶ አጥናፉ ነበሩ። መተዳደሪያቸው በባቡሩ የሐዲድ ጥገና ሥራ ነው፤ ለእድሩ ደግሞ ጡሩምባ ነፊና የድንኳን ጠባቂ ሆኑ። ሰው የሞተ እንደሆነ ማለዳ በየመንገዱ ጡሩምባ እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ካስማ ይነቅላሉ፤ ሸራውን በጋሪ ጭነው ለሐዘንተኛው ይተክላሉ፤ ሐዘኑ ሲያበቃ መልሰው ለልጆቹ ያመጡታል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በየሳምንቱ ከሕፃናት ራስ ላይ ጣሪያ ገፎ ለሐዘንተኛ ማልበስ ጨካኝም ርኅሩኅም ሰው የማይችለው ሥራ ነው፤ ደንብ የሚያከብር ሰው ብቻ ይችለዋል። አቶ አጥናፉ ለዓመታት ችለውታል።

ልጆቹም ለመዱት። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ሁሉ ሲነጋ ጆሮውን የሚያቀናው ወደ ጡሩምባው ነበር። የመጀመሪያዋ መምህርት ወይዘሪት አቻምየለሽ ገብተው ደብተር ሲጠይቁ ከኋላ አንዱ፣

«እትዬ፣ ዛሬ የሞተ የለም?» ይላል።

«እስካሁን የለም። ደብተርህን ካላሳየኸኝ ግን አንተ አለህልን።»

ክፍሉ ይስቃል። ቤቱ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ አያት ያለው ልጅ ግን አይስቅም፤ የጓደኞቹ ዓይን ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚጠይቀው ያውቃልና። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ከፊደል ቀጥሎ የተማሩት የሰው ሞት ለሌላው ዕረፍት ሊሆን እንደሚችል ነው። መልካም ትምህርት አይደለም። ሌላ ድንኳን ግን አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስድስተኛ ክፍል ደርሰው ሚኒስትሪ በሚፈተኑበት ዓመት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ነገር ፈቀደ። ልጆቹ እዚያው ድንኳናቸው ውስጥ ይፈተናሉ፤ ፈተናው በሥርዓት ካለቀ ትምህርት ቤቱ ዕውቅና አግኝቶ በብሎኬት ክፍሎች ይሠሩለታል፤ ካልሆነ ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደ ወንዙ ማዶ ይመለሳሉ።

በፈተናው ዕለት ጎሕ ሲቀድ የአቶ ተስፋሚካኤል እናት አረፉ። አቶ ተስፋሚካኤል ያኔ ገና ጎልማሳ፣ የባቡር መካኒክ፣ የባቡሩ ሰዎች ሁሉ የሚሰሟቸው ሰው ነበሩ። አቶ አጥናፉ ጡሩምባቸውን ነፉ፤ ለፈፉ፤ ከዚያ እንደ ደንባቸው ካስማ ሊነቅሉ ሄዱ። ሲደርሱ ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ የፈተናው ወረቀት ታድሏል፤ ከጽሕፈት ቤት የተላከው ተቆጣጣሪ በአግዳሚዎቹ መካከል ይመላለሳል።

«ጌታዬ፣ ሰው ሞቶብናል። ድንኳኑን ልነቅል ነው» አሉት።

«እነዚህስ የት ይሂዱ?»

«ሜዳው ላይ ይጻፉ።»

«ደመናውን አላየኸውም? ወረቀቱ ከረጠበ እሰበስባለሁ። ከሰበሰብኩ ደግሞ የናንተ ጉዳይ አበቃ። በእኔ አትፍረድ፣ ደንብ ነው።»

ደንብ የሚለውን ቃል አቶ አጥናፉ ከማንም በላይ ያውቁታል። ሁለት ደንብ ሲጋጭ የሚፈርደው ግን ጠባቂ አይደለም፤ ዳኛ ነው። ስለዚህ ሮጠው አቶ አሻግሬን ይዘው መጡ። አቶ አሻግሬ በድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ልጃቸው ሉቃስ፣ ከጎኑም የስልጤው ባለሱቅ ልጅ ሳፊያ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ልጆቹን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ ሳያደርጉ እንዲህ አሉ።

«አጥናፉ፣ ካስማውን አትንካ። ፈተናው ይለቅ። ለተስፋሚካኤል እኔ እነግረዋለሁ።»

ልጆቹ ሁሉ ሰሙ። አቶ አጥናፉም ከካስማው ላይ እጃቸውን አነሱ።

አቶ አሻግሬ ወደ ለቅሶው ቤት ሄዱ፤ ነገር ግን አልነገሩም። ሲደርሱ ለቅሶው ግሏል፤ ሐዘንተኛው ደረቱን እየመታ ነው፤ «ድንኳኑ የት ቀረ?» ሲባሉ «እየመጣ ነው» አሉ። ከዚያ ዝናቡ ጣለ። ቤቱ ጠባብ ነበርና አስከሬኑ ወደ ደጅ ወጥቷል፤ ለቀስተኛው በዝናብ ቆመ፤ የእናትየው ሣጥን ላይ ሰዎች ጋቢያቸውን ገፈው ጣሉ። ሣጥኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነሳ ድንኳኑ ገና አልደረሰም። አቶ አጥናፉ ፈተናው እንዳለቀ ጋሪያቸውን እየገፉ ሲመጡ ያገኙት ከቀብር የተመለሰ ሰውና ጭቃ ብቻ ነበር።

«አሁን ለማን ነው የምትተክለው?» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል። «ለጭቃው?»

አቶ አጥናፉ ወደ ዳኛው አዩ። ዳኛው መሬት መሬት ያያሉ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አሉ አቶ አጥናፉ፣ ካስማቸውንም መምታት ጀመሩ።

ጉዳዩ ከሚታይበት የእድሩ ጉባኤ በፊት ባለው ቅዳሜ አቶ አሻግሬ ወደ አቶ አጥናፉ ቤት መጡ። የመጡበትን ነገር የአቶ አጥናፉ ሚስት፣ የጋዲሴ እናት፣ ቁጭ ብለው ሰምተዋል፤ በኋላም ለልጃቸው ለጋዲሴ ነግረዋታል።

«እኔ አዘዝኩ ያልኩ እንደሆነ የባቡሩ ሰዎች ‹የፋብሪካው ሰው ለልጁ ሲል እናታችንን አዋረደ› ብለው ተነጥለው ይወጣሉ» አሉ አቶ አሻግሬ። «ድንኳኑም ይከፈላል። ግማሽ ድንኳን ደግሞ ለሙትም ለተማሪም አይሆንም። አንተ ጥፋቴ ነው በል። ይቆጡሃል፣ ያልፋል። መስከረም ሲጠባ እኔው ራሴ አስታርቃችኋለሁ።»

«እርስዎ ለምን አይሉም?» አሉ የጋዲሴ እናት።

«እኔኮ ዳኛ ነኝ።»

«ለዚህ አይደል እንዴ ዳኛ የሚኮነው?»

አቶ አጥናፉ ሚስታቸውን በዓይናቸው ዝም አሰኙ። በማግስቱ ጉባኤ ላይ አቶ አሻግሬ ከወንበራቸው ሆነው «ድንኳኑን ማን አስቀረው?» ብለው ጠየቁ፤ አቶ አጥናፉም ተነስተው «እኔ ነኝ» አሉ። ቁጣ ብቻ ይሆናል የተባለው ነገር ከቁጣ አለፈ። የባቡሩ ሰዎች ከእድሩ ይሰረዝ አሉ፤ የፋብሪካው ሰዎችም የሚቃወሙበት ምክንያት አጡ፤ አቶ አሻግሬ ፍርዱን በገዛ አፋቸው አነበቡ። ጡሩምባው ለሌላ ሰው ተሰጠ። መስከረም ግን ከአቶ አሻግሬ ጋር አልተገናኘም። በጳጉሜን የያዛቸው ሕመም በሦስተኛው ቀን ወሰዳቸው፤ አቶ አጥናፉም በቀብራቸው ዕለት፣ ለዓመታት ከተከሉት ድንኳን ውጭ እንደ ባዕድ ቆመው ዋሉ።

እዚህ ላይ ሰፈሩ የሚያከብረው አንድ ልማድ ይመጣል። የሞተ ሰው አይወቀስም። የሞተን ሰው በክፉ ያነሳ «ሙት ወቃሽ» ይባላል፤ ስሙ ከሌባ ስም እምብዛም አይሻልም። አቶ አጥናፉ ራሳቸውን ነፃ ማውጣት የሚችሉት ሙት በመውቀስ ብቻ ነበር፤ አልወቀሱም። ልማዱ መልካም የሚሆነው መልስ መስጠት የማይችለውን ሲጠብቅ ነው። መልስ መስጠት የሚችለው ሕያው በግፍ እንዲኖር ሲያደርግ ግን ልማዱ ምሕረት አይደለም፤ የሕያዋን መደበቂያ ነው።

ልጆቹ አለፉ። ዕውቅናው መጣ፤ የብሎኬት ክፍሎች ተሠሩ፤ ትምህርት ቤቱ ድንኳን መዋሱን ተወ። አቶ አጥናፉ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ባቡሩ ሥራውን እየቀነሰ ሲሄድ እንጀራቸው ያ ብቻ ሆነ። በዚያ በር የገቡ ልጆች አድገው ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ በሩን የሚከፍተው ሰው ለምን ከሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ውጭ እንደሚቆም የጠየቀ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ሆነው የሰሙትም አልተናገሩም። ያኔ አይጠበቅባቸውም ነበር፤ ልጅ በእድር ጉባኤ አይቆምምና። ነገር ግን ልጅነት ያልቃል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የጋዲሴ እናት በነሐሴ ወር አረፉ። ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልመጣም። ጎረቤት አንድ አንድ እያለ ጥላ ይዞ መጣ፤ እድሩ ግን አልመጣም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የዕቃ መሸፈኛ ሸራውን ፈትቶ በአጥሩና በቤቱ ክዳን ጠርዝ መካከል ወጠረላቸው፤ ሸራው ውኃ እያቆረ በመሐል ተንቦረቀቀ፤ ለቀስተኛው ከሥሩ በእንጨት እየገፋ ውኃውን ያፈስ ነበር። አቶ ተስፋሚካኤል፣ በዚያን ጊዜ የእድሩ ዳኛ የሆኑት እርሳቸው ናቸው፣ ደጃቸውን ዘግተው ዋሉ።

ትምህርት ቤቱ ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲነሳ፣ ርእሰ መምህርት ሆና የመጣችው ሳምራ የምትባል ወጣት ነበረች። ትጉህ ናት፤ ትጋቷ ግን ከበዓሉ ቀን ወዲያ አርቆ አያይም ነበር። ታሪክ ልትጠይቅ ወደ አቶ አጥናፉ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ ልባቸውም እየደከመ ነበር። ጋዲሴ በቃሊቲ ካለ መጋዘን ከሥራዋ ገና ተመልሳ ነጠላዋን እያወለቀች ነው።

«አባባ፣ የክብር እንግዳችን እርስዎ ነዎት። ከፊት ነው የሚቀመጡት» አለች ሳምራ።

«መቀመጫ አላጣሁም፣ ልጄ።»

«ሽልማትም አለ።»

«ጋቢ ነው?»

«እሱን አሁን አልነግርዎትም።»

«ጋቢ ነው። ለሽማግሌ ሌላ ምን ይሰጣል።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንድ ነገር ትችዪ እንደሆነ፣ እድሬ ይመልሰኝ። ከመሞቴ በፊት ስሜ ይመለስ። ሌላ አልፈልግም።»

ለምን እንደተሰረዙ ስትጠይቃቸው «አጥፍቼ ነው» ብቻ አሉ። በር ድረስ የሸኘቻት ጋዲሴ ናት።

«አላጠፋም» አለች ጋዲሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያዘዙት ጋሽ አሻግሬ ናቸው። እናንተ ቤተ መጻሕፍት በስማቸው የምትሰይሙላቸው። እናቴ ነግራኛለች። ግን የእናቴን ቃል ማን ይሰማል? አባቴ ለሞተ ሰው ስም ሲል እናቴን ዝናብ ላይ አወጣት። የሰሙት አሉልሽ፤ ሂጂና ጠይቂያቸው።»

ሳምራ በመጀመሪያ የሄደችው ወደ አቶ ተስፋሚካኤል ነው። እሳቸውም አርጅተዋል፤ ዳኝነቱን ግን አልለቀቁም።

«ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ሣጥኑ ላይ የወረደውን ዝናብ ግን አይቻለሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ያለው በገዛ አፉ ነው። ሌላ ሰው አዝዞት ነው የሚል ካለ ይምጣ፤ በጉባኤ ፊት ይናገር። ሁለት ምስክር ይበቃኛል። በመጪው እሑድ ተሰብሳቢዎች ነን።»

ሳፊያ ዛሬ በአቃቂ በሰቃ የላስቲክ ዕቃ አከፋፋይ ናት። ሳምራ ስትጠይቃት አልካደችም።

«እንደ ትናንት ነው የማስታውሰው። ‹ካስማውን አትንካ› ሲሉ እርሳሴን ጥዬ ቀና ብያለሁ።»

«እንግዲያው እሑድ ይምጡና ይናገሩ፣ እትዬ ሳፊያ።»

«ሉቃስ ይቅደም። የሱ አባት ናቸው። ልጁ ዝም ብሎ እኔ የሰው አባት ላነሳ? ነገ ምን ይሉኛል፣ ‹የስልጤዋ ነጋዴ የሙት ስም ሸጠች› ነው የሚሉት።»

ሉቃስ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ። በሕንፃው ሥር ባለ ካፌ ተቀመጡ።

«ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ» አላት፣ ገና ሳትጨርስ።

«የሚወቅሳቸው የለም። የሆነው ይነገር ነው የምልዎት።»

«ያው ነው። በአባቴ ስም የሚሰየመው ቤተ መጻሕፍት የጥሪ ካርዱ ታድሏል። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ከተነሳ ምን ይቀራል?» ማኪያቶውን አማሰለ። «አልናገርም አላልኩም። ከበዓሉ በኋላ ባለው ጉባኤ እናገራለሁ። ጋሽ አጥናፉ ይህን ሁሉ ዓመት ታግሠዋል፤ አንድ ወር ምን አላት?»

የሌላውን ትዕግሥት ከራሱ ኪስ እንደሚያወጣ ሰው መመጽወት የተማሩ ሰዎች ልማድ ነው። ሳምራ ይህን ልትነግረው ይገባ ነበር፤ አልነገረችውም። ኮሚቴው ያስፈልጋት ነበር። እሑድ መጣ፤ ጉባኤው ተሰበሰበ፤ የመጣ ምስክር አልነበረም።

በበዓሉ ዕለት አቶ አጥናፉ ከፊት ተቀመጡ። የተሰጣቸውም ጋቢ ነበር። ሳምራ ስታለብሳቸው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «መሰከሩ?» አሏት።

«ከበዓሉ በኋላ አሉ፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሉቃስ ማይክሮፎኑን ይዞ ስለ አባቱ ተናገረ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ስለ መጀመሪያው ድንኳን ተናገረ፤ ንግግሩ ያማረ ነበር፤ ጭብጨባውም አሞቀው። ሲሞቀውም ሊያልፈው የሚገባውን አላለፈም። «ሚኒስትሪ በተፈተንንበት ቀን» አለ፣ «ዝናብ እየጣለ፣ ያ ድንኳን በላያችን ላይ አልታጠፈም። በአባቴ ቆራጥነት ዛሬ እዚህ ቆመናል።»

ከሦስተኛው ረድፍ አቶ ተስፋሚካኤል ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ።  ወደ በሩ ሲሄዱ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ለምን እንደሄዱ የገባቸው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም ነበር። የሰሙት ቃል ወዴት እንደሚያመራ ግን እሳቸውም ገና አስበው አልጨረሱትም፤ የገባቸው የእናታቸው መዋረድ በጭብጨባ መታጀቡ ብቻ ነበር።

ሉቃስ ከመድረክ ወርዶ የአቶ አጥናፉን ትከሻ ሳመ።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ደስ አለዎት?»

«አባትህ ጥሩ ሰው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንተስ?» አሉት።

ሉቃስ ፈገግ አለና ወደሚጠሩት ሰዎች ዞረ። ጥያቄ መሆኑ አልገባውም፣ ወይም ገብቶታል።

የሚቀጥለው ጉባኤ ሳይደርስ፣ በአንድ ማለዳ ጋዲሴ ለአባቷ ውኃ ይዛ ስትገባ አቶ አጥናፉ አልመለሱላትም። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ሳምራ ግን ሰማች፤ ኮሚቴውን ጠራች፤ ኮሚቴውም ከድግስ ዕቃ አከራዮች ትልልቅ ነጫጭ ድንኳኖች አስመጣ። መንገዱ ተዘጋ። ከገላን፣ ከቃሊቲ፣ ከመሀል ከተማ የመጡ የቀድሞ ተማሪዎች ወንበሮቹን ሞሉ። ያንን ያህል ሰው በዚያ ሰፈር ለቅሶ ታይቶ አይታወቅም ተባለ፤ የተባለውም በኩራት ነበር።

አቶ ተስፋሚካኤል መጡ፤ ከድንኳኑ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሙ። ሳፊያ ከውስጥ አየቻቸው። ቆይታ ተነስታ ወደሳቸው ሄደች።

«ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ ያን ቀን ድንኳኑ እንዳይነቀል ያዘዙት ጋሽ አሻግሬ ናቸው። ጋሽ አጥናፉ ሊነቅሉ መጥተው ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌው አላመኗትም፣ አልካዷትምም። «ሌላስ ማን ሰማ?» አሉ።

ሳፊያ ዞራ አየች። ሉቃስ ተከትሏት መጥቶ ከኋላዋ ቆሟል።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ያኔ ነዋ፣ ጋሼ። ልጆች ነበርን።»

«ያኔ ልጆች ነበራችሁ» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል። «ከዚያ በኋላስ ምን ነበራችሁ?»

 ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቀጠሉ፤ ድምፃቸው አልጮኸም።

«ይህን ሰው በየቀኑ በመንገድ ሳገኘው ፊቴን አዞርኩበት። ሚስቱ ስትሞት በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የገዛ እናቴን ሐዘን በማይገባው ሰው ላይ ተወጣሁ። እሱስ ዐረፈ። እኔን ማን ነው ይቅር የሚለኝ? እናንተ ናችሁ?»

ከዚያ ከእድሩ ሰዎች አንዱን ጠርተው ጡሩምባው እንዲነፋ አዘዙ። ጋዲሴ ሰምታ ከድንኳኑ ወጣች።

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ጡሩምባ ሰው ለመጥራት ነው። ሰው መጥቷል።»

«ደንቡ ነው፤ ይገባዋል።»

«ይገባው ነበር።»

አቶ ተስፋሚካኤል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው የተናገሩትን ማንም አልሰማም። ሉቃስም ሳፊያም ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። በቀጣዩ እሑድ ሁለቱም ጉባኤ ፊት ቀርበው መሰከሩ፤ የአቶ አጥናፉ ስም ከተሰረዙት ወጥቶ ወደ አባላቱ ተመለሰ። እድሩ የሞተን ሰው አባል ሲያደርግ ያ የመጀመሪያው ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ስም አልተነካም፤ መነካትም የሚያስፈልገው አይመስልም፤ አቶ አሻግሬ ትምህርት ቤቱን በርግጥ ጀምረዋልና። አንድ ሰው መልካም ጀምሮ ክፉ ሊፈጽም ይችላል፤ ሁለቱንም መናገር ደግሞ ሙት መውቀስ አይደለም።

አሁን ወደ ፍርዱ እንመለስ። አቶ አጥናፉ አደራቸውን አፍርሰዋልን? አላፈረሱም። ሁለት ደንብ ሲጋጭባቸው ሊፈርድ ሥልጣን ወዳለው ሄዱ፤ የታዘዙትን አደረጉ። ለሰው አዝኖ አደራ ያፈረሰው ጠባቂው ሳይሆን ዳኛው ነው፤ ያዘነውም ለሌሎች ሰዎች ልጆችና ለገዛ ልጁ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ የትኛው እንደ በረታ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ የተባለው ፍርድ እንደ ፍርድ ይጸናል፤ የተሳሳተው የተፈረደበት ሰው ማንነት ነው። ይህ ማለት ግን አቶ አጥናፉ ነቀፋ የለባቸውም ማለት አይደለም። ያላጠፉትን ጥፋት ሲቀበሉ የሰጡት የራሳቸውን ስም ብቻ ቢሆን ድርሻቸው ነበር፤ የሚስታቸውን ቀብርና የአቶ ተስፋሚካኤልን ሰላም ግን አብረው ሰጥተዋል፤ እነዚያ የእሳቸው ስላልሆኑ ሊሰጧቸው አይገባም ነበር። ዝምታቸው መስዋዕትነት ነበር፤ ሐሰትም ነበር።

ከሐሰቱ ሊያወጣቸው የሚችለው የሌላ ሰው አንደበት ብቻ ነበር። በዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ትእዛዙን የሰሙ ልጆች፣ አድገው ሰው ከሆኑበት ቀን ጀምሮ፣ አቶ አጥናፉ በሕይወት ሳሉ፣ በእድሩ ጉባኤ ፊት ቆመው የሰሙትን መናገር ነበረባቸው። ለእሳቸው የሚገባቸው ይህ ነበር። አልተደረገላቸውም።